የተነቀለ ጥርስ እንዴት ያማል? ስለ ፊት ሕመምና ስለ ነርቭ

የከዚራ ልጅ (ጥያቄ)

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምጽፍላችሁ ከድሬዳዋ፣ ከከዚራ ነው። እናቴ 63 ዓመቷ ነው። ካለፈው ጥቅምት ጀምሮ በቀኝ ጉንጯ ላይ የሚነሣባት ሕመም ቤታችንን በሙሉ አስጨንቆታል። በጥርስ ወይም በነርቭ ሕክምና የምትሠሩ፣ ወይም ተመሳሳይ ሕመም በራሳችሁ ላይ የደረሰባችሁ ካላችሁ በዝርዝር እንድታስረዱኝ እለምናችኋለሁ።

ባለፈው እሑድ ቡና ተፈልቶ ሁለተኛው ሲኒ ተቀድቶላት ሳለ፣ ሙቀቱ ስለ በረታ ታናሽ ወንድሜ ቬንትሌተሩን ወደ እኛ አዞረው። ነፋሱ ጉንጯን እንደ ነካው ሲኒውን የያዘው እጇ ባለበት ቀረ፤ ቀኝ ዓይኗ ተጨፈነ፤ ሌላው እጇ ወደ ፊቷ ሄዶ ሳይነካው ቆመ። ድምፅ አላሰማችም። እስከ ዐሥር ለመቁጠር የሚበቃ ጊዜ ካለፈ በኋላ ሲኒውን አስቀመጠችና “ኮረንቲ ነው የነዘረኝ” አለች። ከዚያ ያደረገችው ነገር ግን እስካሁን ግራ ያጋባኛል፤ ፈጥና ተነሥታ ፊቷን ታጠበች። “አሁን ካልታጠብሁ በኋላ አያስነካኝም” ትላለች። ሕመሙ ለጥቂት ሰከንድ ይመጣና ይሄዳል፤ በመካከሉ ፍጹም ጤነኛ ናት፤ በቀን ግን ብዙ ጊዜ ይመላለስባታል።

መጀመሪያ ሁላችንም የጥርስ ሕመም መስሎን ነበር። አንድ ክሊኒክ ወስደናት የላይኛው ቀኝ መንጋጋ ጥርሷ ተነቀለ፤ ሦስት ሳምንት ያህል ዕረፍት አገኘችና ሕመሙ እንደገና ተነሣ። ጎኑ ያለው ጥርስም ተነቀለ፤ በዚህኛው ግን አንድ ቀን እንኳ አልቆመላትም። ጎረቤቶቻችን ምች ነው ብለው ዳማከሴ ጨምቀው አመጡላት፤ እሷ ግን ጉንጯን ማስነካት አልቻለችም። በቅርቡ ያያት ሌላ ሐኪም ካርባማዜፒን አዘዘላት፤ አንዲት ዘመዳችን “ይህ እኮ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ነው” ስላለቻት ክኒኑን ሳትጀምር ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጣዋለች።

ልረዳው የምፈልገው ይህን ነው። በቦታው የሌለ ጥርስ እንዴት ሊያም ይችላል? ነፋስና የነጠላ ጫፍ ይህን ያህል ስቃይ የሚያመጡት፣ ጉንጯን በኃይል ስትጫነው ግን እምብዛም የማይቀሰቀሰው ለምንድን ነው? የሚጥል በሽታ መድኃኒትስ ከጉንጭ ጋር ምን አገናኘው?

መምህር ከሐረር

ጠያቂያችን፣ እናትዎን እግዜር ይማርልዎ። እኔ ሐረር ውስጥ ለጤና ተማሪዎች ፊዚዮሎጂ አስተምራለሁ። ሐኪም ስላልሆንሁ ስለ ሕመማቸው ፍርድ አልሰጥም፤ የጠየቁት ግን ሕመም እንዴት እንደሚፈጠር ስለሆነ በዚያ ላይ የማውቀውን ልጻፍ።

የፊት ስሜት በሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ወደ አንጎል የሚደርሰው፣ ከአንጎል ከሚወጡት 12 ጥንድ ነርቮች መካከል በአምስተኛው በኩል ነው። ትራይጀሚናል የሚባለው ሦስት ቅርንጫፎች ስላሉት ነው። የመጀመሪያው ግንባርንና ዓይንን፣ ሁለተኛው ጉንጭንና የላይኛውን ከንፈር ከላይኞቹ ጥርሶች ጋር፣ ሦስተኛው አገጭንና የታችኛውን መንገጭላ ከነጥርሶቹ ይይዛል። ሦስቱም ራስ ቅል ውስጥ፣ ከጆሮ ወደ ፊትና ወደ ውስጥ በሚገኝ የነርቭ ሕዋሳት ቋጠሮ ላይ ተገናኝተው፣ በአንድ ግንድ ወደ ግንደ አንጎል ይገባሉ። በየጎኑ ያለው ይህ አንድ ግንድ የጉንጭን ቆዳ፣ የጥርስን ሥርና የዓይንን መስታወት ወሬ አንድ ላይ ይሸከማል። አንጎል “ጥርሴን አመመኝ” የሚለውም በዚህ መስመር የመጣለትን መልእክት አንብቦ ነው፤ ጥርሱን ራሱን አያየውም።

የተለመደው የጥርስ ሕመም የሚጀምረው ከጉዳት ነው። የጥርሱ ውስጠኛ ሥጋ ሲቆጣ ፕሮስታግላንዲንና ብራዲኪኒን የሚባሉ ኬሚካሎች ይረጫሉ፤ እነዚህ በነርቭ ጫፎች ላይ ያሉትን በሮች በትንሽ ነገር የሚከፈቱ ያደርጓቸዋል። ከበሮቹ አንዱን የድሬዳዋም የሐረርም ሰው በየቀኑ ይፈትነዋል። የአሜሪካዊው ዴቪድ ጁሊየስ ቡድን በ1997 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ እንዲሁ ናቸው) እንዳሳየው፣ በሚጥሚጣ ውስጥ ያለው የሚያቃጥል ንጥረ ነገር የሚከፍተው በርና ከ43 ዲግሪ ገደማ በላይ ያለ ሙቀት የሚከፍተው በር አንድ ናቸው፤ ሚጥሚጣ “ያቃጥላል” ማለታችን እንግዲህ ለነርቩ ምሳሌያዊ አነጋገር አይደለም። ጁሊየስ በ2021 የኖቤል ሽልማት የተካፈለው በዚህ ሥራው ነው። ቦታው ሲቆጣ በሩ የሚከፈትበት የሙቀት መጠን ዝቅ ስለሚል፣ የተቆጣ ጥርስ ላይ ለብ ያለ ሻይ እንደ ፍም ይሰማል። ከዚያም ወሬው በሁለት ዓይነት ክር ይጓዛል። ቀጭን ሽፋን ያላቸው ክሮች በሰከንድ ከ5 እስከ 30 ሜትር እየሮጡ ስለታሙን ውጋት ያደርሳሉ፤ ሽፋን የሌላቸው ደግሞ በሰከንድ 2 ሜትር እንኳ ሳይሞላቸው እየዘገሙ ሌሊቱን የሚጠዘጥዘውን ሕመም ያመጣሉ። ይህ ሕመም ጠቃሚ ነው፤ ጉዳት እንዳለ ይናገራል፤ ጉዳቱ ሲወገድም ይቆማል።

የእናትዎ አገላለጽ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ለሰከንዶች የሚቆይ፣ በአንድ ጎን ብቻ የሚመጣ፣ በነፋስና በቀላል ንክኪ የሚቀሰቀስ፣ እንደ ኮረንቲ የሚነዝር ሕመም ትራይጀሚናል ኒውራልጂያ ከሚባለው ጋር በጣም ይመሳሰላል። ፈረንሳዊው ኒኮላ አንድሬ በ1756 ገልጾታል፤ ከ50 ዓመት በላይ በሆኑ ሰዎች፣ በተለይም በሴቶች ላይ ይበዛል። በዚህ ሕመም ጥርሱም ጉንጩም ብዙውን ጊዜ ጤነኛ ነው፤ የተጎዳው ወሬውን የሚያመላልሰው ሽቦ ነው። ነርቩ ወደ ግንደ አንጎል በሚገባበት ቦታ አጠገብ የደም ሥር ይተኛበትና በእያንዳንዱ የልብ ምት እየመታ ማይሊን የተባለውን ቅባታማ ሽፋን ይፍቀዋል። አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ዋልተር ዳንዲ በ1934 ይህን የደም ሥር ግፊት እንደ መነሻ አቅርቦ ነበር። ላስቲካቸው የተላጠ ሁለት የኤሌክትሪክ ሽቦዎች ሲነካኩ የሚሆነውን ያስቡ። የነፋስን ንክኪ የሚሸከመው ክር ከሕመም ክር ጋር ተጎራብቶ መልእክቱን ያሻግርበታል፤ አንዴ የተነሣው ክርም ራሱን እየደጋገመ ይተኩሳል። ይህን መስመር የሚቀሰቅሱት በተለይ ቀላል ንክኪን የሚሸከሙት ክሮች ስለሆኑ ነው ነፋስና ነጠላ ከጫና ይልቅ የሚያስቸግሯቸው።

ፊታቸውን ወዲያው መታጠባቸው አስደንቆኛል፤ ይህን ያገኙት በራሳቸው ማስተዋል ነው። የተኮሰ የነርቭ ቡድን ለአጭር ጊዜ እንደገና መተኮስ አይችልም፤ እናትዎ ያቺን ዕረፍት ተጠቅመው ነው የሚታጠቡት። ይህን ለሐኪማቸው በዝርዝር ይንገሩላቸው፤ ከብዙ ምርመራ የማይገኝ ምስክር ነው።

ካርባማዜፒንም የሚሠራው እዚሁ ነው። ነርቭ የሚተኩሰው ሶዲየም በበሮቹ ሲገባ ነው፤ መድኃኒቱ ደጋግመው የሚከፈቱትን በሮች ይዞ ያቆያቸዋል። በሚጥል በሽታ ጊዜ አንጎል ውስጥ ያሉ ሕዋሳት ደጋግመው ይተኩሳሉ፤ በዚህ ሕመም ደግሞ የፊት ነርቭ ይተኩሳል። ቦታው ይለያያል እንጂ ችግሩ አንድ ዓይነት ነው። ለፊት ሕመም መዋል የጀመረው በ1962 ሲሆን፣ ዛሬም በመጀመሪያ ደረጃ ከሚታዘዙት አንዱ ነው። እናትዎ የሚጥል በሽታ አለባቸው ማለት ፈጽሞ አይደለም።

የጥርስ ሐኪም፣ ድሬዳዋ

መምህሩ በጻፉት ላይ ከሙያዬ አንጻር ጥቂት ልጨምር፤ ምክንያቱም ጤነኛ ጥርስ ተነቅሎ የሚመጣ ሰው ባየሁ ቁጥር ያመኛል።

ስሕተቱ የሚፈጠርበት መንገድ ግልጽ ነው። ታማሚው በጣቱ ጥርሱን ይጠቁማል፤ ከልቡም ነው። የላይኛው መንጋጋ ጥርስና ጉንጭ በአንድ ቅርንጫፍ ስለሚያልፉ አንጎሉ ሌላ ቦታ ሊጠቁም አይችልም። ማደንዘዣ ስንወጋ ደግሞ ሕመሙ ይቆማል፤ ሐኪሙም ታማሚውም “እንግዲያው ጥርሱ ነው” ይላሉ። ነገር ግን ማደንዘዣው የዘጋው ሕመሙን የሚቀሰቅሰውን ንክኪ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ለብቻው ማስረጃ አይሆንም። በዚህ ላይ ትራይጀሚናል ኒውራልጂያ በራሱ ጊዜ ለሳምንታት አንዳንዴም ለወራት ጸጥ የማለት ጠባይ አለው። ከመጀመሪያው ነቀላ በኋላ የተገኘው ሦስት ሳምንት ከዚህ ዓይነቱ ዕረፍት ጋር ተገጣጥሞ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ጥርስ የተነቀለውም በዚያ የተነሣ ይመስለኛል።

የታመመ ጥርስ ምልክት ይሰጣል። በቀዝቃዛ ነገር ስንነካው ሕመሙ ይነሣና ቶሎ አይለቅም፤ በመሣሪያ እጀታ ቀስ ብለን ስንመታው ከጎረቤቶቹ ተለይቶ ያማል፤ በራጅ ላይ ጉድጓድ ወይም በሥሩ ጫፍ ጥላ ይታያል፤ ሌሊት ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳል። ከእነዚህ አንዱም ከሌለ ሦስተኛ ጥርስ እንዳይነቀልባቸው እለምንዎታለሁ። ነቀላ ራሱ የነርቭ ቁስል ነው፤ በአንዳንድ ሰዎች ላይ የቆረጥነው የነርቭ ጫፍ በባዶው ድድ ላይ ለዓመታት የሚቆይ ሕመም ይተዋል።

በእኛ አካባቢ ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ። ከቀትር በኋላ ለሰዓታት በአንድ ጎን ጫት የሚያኝኩ ሰዎች የማኘኪያ ጡንቻቸው ዝሎ፣ መገጣጠሚያቸው እየተንቋቋ፣ ሕመሙን “ጆሮዬ ነው” ወይም “ጥርሴ ነው” ብለው ይመጣሉ። የእነርሱ ግን ጥዝጣዜ ነው፤ አፍ ሲከፈት ይበረታል፤ ጡንቻውን በጣት ስንጫን ሰውየው “እሱ ነው” ይላል። ይህ ለማኘክ ዕረፍት በመስጠትና ሞቅ ያለ ጨርቅ በማድረግ ብዙ ጊዜ ይቀንሳል።

ሳይዘገይ ወደ ሐኪም የሚያስኬዱ ነገሮችም አሉ፤ ፊት ላይ መደንዘዝ፣ የመስማት መቀነስ፣ ሕመሙ በሁለቱም ጎን መሆን፣ ወይም ከ40 ዓመት በታች በሆነ ሰው ላይ መነሣት። ዳገት ሲወጣ መንገጭላ ላይ የሚመጣና ሲያርፉ የሚተው ሕመም ከልብ ሊሆን ይችላል። ከ50 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ሲያኝክ መንገጭላው እየዛለ ካመመው፣ ግንባሩ ጎን ካመመውና ዕይታው ከደበዘዘ በዚያው ቀን መታየት አለበት፤ ዓይን ይጠፋበታል።

የጀጎል ሰው

ልጄ፣ እናትሽን አላህ ያሽርልሽ። ስምንት ዓመት ከዚህ ሕመም ጋር ኖሬአለሁ፤ የኔ በግራ ነው። ግራ ጉንጬን ለወራት አልላጭም ነበር፤ ምላጭ ሳይሆን የሳሙናው አረፋ ሲነካኝ ነበር የሚጥለኝ። ሰው ሰላምታ ሲሰጠኝ ጉንጬን እሸሽ ስለነበር የተኮራሁ የመሰላቸው ወዳጆችም ነበሩኝ።

ካርባማዜፒኑን ከትንሽ ጀምረው በየጥቂት ቀኑ ከፍ አደረጉልኝ። መጀመሪያ ሰሞን ያዞረኝ ስለነበር በጀጎል ጠባብ መንገድ ስሄድ ግንቡን እየያዝሁ ነበር፤ እንቅልፍም አበዛሁ። በሁለተኛው ሳምንት ማዞሩ ቀለለ፤ ኮረንቲውም ተራራቀ። ሐኪሜ በየጊዜው ደሜን ያስመረምረኛል፤ መድኃኒቱ ነጭ የደም ሕዋስንና የደም ጨውን ዝቅ ሊያደርግ እንደሚችል ነግሮኛል። ቆዳዋ ላይ ሽፍታ ካየሽ በዚያው ሰዓት ለሐኪም ንገሪ፤ ይህን አጥብቀው አስጠንቅቀውኛል። ሲሻላትም በራሷ ፈቃድ በአንድ ጊዜ እንዳታቆመው። እንደ ፓራሲታሞል ሲያም ብቻ የሚዋጥ መድኃኒት አይደለም።

የሳቢያን ነዋሪ

ይህን ውይይት ሳነብ የአባቴ ነገር ታወሰኝ። 71 ዓመታቸው ነው፤ ከአምስት ወር በፊት በግራ ግንባራቸው ላይ አልማዝ ባለጭራ ወጥቶባቸው ነበር። ቁስሉ ከዳነ ቆይቷል፤ ጠባሳው ብቻ ነው የቀረው። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ያቃጥላቸዋል፤ ኮፍያ ማድረግ አይችሉም፤ ትራሱ ሲነካቸው ይነቃሉ። የእርሳቸውም ያው ሕመም ነው ማለት ነው?

መምህር ከሐረር

ያው ነርቭ ነው፤ ሕመሙ ግን የተለየ ነው። ልዩነቱ ደግሞ በአጣዳፊና በሥር በሰደደ ሕመም መካከል ያለውን ነገር ስለሚያሳይ ሰፋ አድርጌ ብጽፍ ደስ ይለኛል።

አልማዝ ባለጭራን የሚያመጣው በልጅነት ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ከሚያወጣው የውሃ ፈንጣጣ (ጉድፍ) ቫይረስ የተለየ አይደለም። ሽፍታው ሲድን ቫይረሱ ከላይ በጠቀስሁት የነርቭ ቋጠሮ ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ተደብቆ ይቀመጣል፤ የሰውነት መከላከያ በዕድሜ ወይም በበሽታ ሲደክም ነርቩን ተከትሎ ወደ ቆዳ ይወርዳል። በአባትዎ ላይ የወረደው በመጀመሪያው ቅርንጫፍ ነው። ለሌሎች አንባቢዎች ደግሞ ይህን ልበል፤ እንዲህ ያለ ሽፍታ ግንባር ወይም የአፍንጫ ጫፍ ላይ ከታየ ዓይን አደጋ ላይ ነው፤ የቫይረሱ መድኃኒትም ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ቢጀመር ነው የሚመረጠው።

ቫይረሱ በመንገዱ ላይ የነርቭ ክሮችን ያቆስላል። የቆሰሉት ክሮች ማንም ሳይነካቸው ወሬ መላክ ይቀጥላሉ፤ የማያባራው ማቃጠል የዚህ ውጤት ነው። ከባዱ ነገር የሚሆነው ግን በግንደ አንጎል ውስጥ፣ ወሬውን በሚቀበለው ጣቢያ ላይ ነው። ይህ ጣቢያ ከግንደ አንጎል ተነሥቶ እስከ አንገት ሕብለ ሰረሰር ይወርዳል፤ የአንገትን ወሬም ስለሚቀበል ነው የአንገት ሕመም አንዳንዴ ግንባር ላይ የሚሰማው። በተለመደው ጊዜ ግሉታሜት የተባለው ኬሚካል መልእክቱን በመጠኑ ያስተላልፋል፤ በተቀባዩ ሕዋስ ላይ ያለ አንድ ልዩ በር ግን በማግኒዚየም ተወትፎ ይቀመጣል። የሕመም ወሬ ሳይቋረጥ ሲጎርፍ ውታፉ ይነሣል፤ ካልሲየም ይገባል፤ ሕዋሱም ከዚያ በኋላ በትንሽ ወሬ በኃይል ይጮኻል። ተመራማሪው ክሊፎርድ ዎልፍ በ1983 ባሳተመው ጥናት፣ ከጉዳት በኋላ የሚመጣው ከመጠን ያለፈ ስሜት ከፊሉ የሚፈጠረው በሕብለ ሰረሰር ውስጥ እንደ ሆነ አሳየ። ከዚያ ወዲህ የትራስ ንክኪ ሕመም የሚሆንበትን ምክንያት በተሻለ እንረዳለን፤ ትራሱን የሚያበስረው ክር ጤነኛ ነው፤ ጣቢያው ግን ተለውጧል።

ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ልጓምም አለ። ከመካከለኛው አንጎል የሚነሡ ክሮች የሰውነትን የራሱን ማስታገሻዎች፣ እንዲሁም ሴሮቶኒንና ኖራድሬናሊን የሚባሉትን ኬሚካሎች እየተጠቀሙ ጣቢያውን ዝም ሊያሰኙት ይችላሉ። እንቅልፍ ማጣት፣ ጭንቀትና ሐዘን ይህን ልጓም ያላላሉ። ስለዚህ የታመመ ሰው “ሌሊት ካልተኛሁ ይብስብኛል” ሲል ማመን ይገባል፤ አእምሮው የፈጠረው ተረት አይደለም። አሚትሪፕቲሊን ለድብርት የሚታወቅ መድኃኒት ሆኖ ለእንዲህ ዓይነቱ ሕመም በአነስተኛ መጠን የሚታዘዘውም ይህን ልጓም ስለሚያጠብቅ ነው፤ ጋባፔንቲንም ይታዘዛል። ለአረጋውያን አሚትሪፕቲሊን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ የልብ ሕመም ወይም የሽንት መቸገር ካለባቸው ለሐኪም አስቀድመው ይናገሩ። ከሦስት ወር በላይ የቆየ ሕመም ሥር የሰደደ ይባላል፤ የአባትዎ ከዚያ አልፏልና ይዘዋቸው ይሂዱ።

የከዚራ ልጅ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አባባ የጀጎሉ፣ የጻፉትን ለእናቴ አነበብሁላት፤ የሳሙናው አረፋ ላይ ስደርስ “ልክ ነው፣ ልክ ነው” እያለች እጄን ያዘችኝ። እስከ ዛሬ የሚያምናት ሰው ያለ አይመስላትም ነበር። ክኒኑን ለመጀመር ተስማምታለች። አንድ የዘነጋሁት ነገር አለ፤ ለደም ግፊት ሃይድሮክሎሮታያዛይድና አምሎዲፒን ትወስዳለች። ያዘዘላት ሐኪም ይህን የጠየቃት አይመስለኝም። ደግሞስ ክኒኑ ባይሠራላት ሌላ መንገድ አለ?

የጥርስ ሐኪም፣ ድሬዳዋ

ስለ ነገሩን እጅግ ጥሩ ነው፤ የመጀመሪያውን ክኒን ከመዋጣቸው በፊት ሐኪሙ ይህን ማወቅ አለበት። ሃይድሮክሎሮታያዛይድም ካርባማዜፒንም የደምን ሶዲየም ዝቅ ያደርጋሉ፤ ሁለቱ ሲገናኙ በተለይ በዚህ ዕድሜ ላይ ላለ ሰው መዛል፣ ግራ መጋባትና መውደቅ ሊመጣ ይችላል። አምሎዲፒን ደግሞ በተቃራኒው ሊደክም ይችላል፤ ካርባማዜፒን ጉበት መድኃኒቶችን የሚያስወግድበትን ፍጥነት ስለሚጨምር ግፊታቸው ከፍ ሊል ይችላል። በራሳችሁ የምታቆሙት የግፊት መድኃኒት የለም። ሐኪሙ ምናልባት የግፊቱን መድኃኒት ይቀይር ይሆናል፤ ወይም ሶዲየማቸውን አስቀድሞ አስለክቶ ከሳምንታት በኋላ እንደገና ያስለካል።

ክኒኑ ባይበቃ ኦክስካርባዜፒን የሚባል ዘመዱ አለ፤ እሱ ግን ሶዲየምን ይበልጥ ስለሚያወርድ ለእርሳቸው የሚመች አይመስለኝም። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነርቩን ከሚመታው የደም ሥር በትንሽ መለያ የሚለይ ቀዶ ሕክምና ነው፤ በአሜሪካዊው ፒተር ጃኔታ ሥራ ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ የተስፋፋ ሲሆን፣ የነርቭ ቀዶ ሐኪምና የኤም አር አይ ምርመራ ይፈልጋል። ነርቩን በመርፌ በኩል በሙቀት የማደንዘዝ ዘዴም አለ፤ ዋጋው የፊት መደንዘዝ ነው።

ወደ ሐኪሙ ስትሄዱ ሁሉንም መድኃኒቶች ከነማሸጊያቸው በአንድ ፌስታል ይያዙ። እስከዚያው ምግባቸውን ለስለስ አድርጉላቸው፤ ለብ ያለ ይሁን፤ በግራ በኩል ይብሉ። ጥርሳቸውንም ያቺ ሕመሙ ካለፈ በኋላ ያለችው የዕረፍት ጊዜ ላይ ቢቦርሹ ይሻላል።